የጎረቤት ዓይንና ባዶ እግር

ለፍኖተ ሰላምና ለአካባቢዋ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ የእድር ዳኞችና ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር



በ2003 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእኛው ደንበጫና በምሥራቅ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ወረዳ ባሉ 17 ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እግሩ ያበጠ ሰው መዘገቡ። 1,704 ሰው አገኙ። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶ ያህሉ ዝሆኔ አለባቸው ማለት ነው። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ገበያ ውሎ የሚመለሰውን ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ግን ከ30 ሰው አንዱ ነው። ያውም ሕመሙ የጠናበት ገበያ ስለማይወጣ ለዓይን የሚታየው ከእውነተኛው ያንሳል።

ሰው የሚጎዳውን ነገር እያየና እየሰማ፣ አንዳንዴም ጠንቅቆ እያወቀ ለምን ያደርገዋል? የሚጠቅመውንስ ለምን ይተዋል? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ነው። ጥያቄው የዓለም ጥያቄ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው ብዙ ተጽፎበታል። እኔ ግን ከደንበጫ ቀይ አፈር፣ ከቡሬ የጓሮ በቆሎና ወደ መተማ ከሚወርደው ወጣት ብጀምር ነገሩ ይበልጥ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ በሽታውን በጥቂቱ ላስረዳ። ዝሆኔ ሲባል በትንኝ የሚመጣውን የሚያስብ አለ፤ በቆላ አገር እንዲያ ያለም ይገኛል። የእኛ የደጋና የወይና ደጋው ዝሆኔ ግን ከአፈር የሚመጣ ነው። በጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈረካከስ የተፈጠረው ቀይ አፈር በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ በኩል እየገቡ ከዓመት ወደ ዓመት በእግር ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ቆይተውም ይዘጓቸዋል። እግር ያብጣል፣ ቆዳ ይወፍራል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ካለበት ቦታ ሁሉ ይህ አፈር መኖሩን አስተውሎ ጻፈ። መከላከያውም ሩቅ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ መጫማትና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። በካናሪ ደሴቶችና በሰሜን አፍሪካ አገሮች ይህ በሽታ ነበረ፤ ሕዝቡ ጫማ ሲለምድ ጠፋ። የዳነው ያለ ክትባትና ያለ መድኃኒት ነው።

ታዲያ እዚህ ለምን አልጠፋም? ድህነት አንዱ ምክንያት ነው፤ እሱን ማንም አይክድም። ሆኖም ጫማ እያለው ማሳ ላይ በባዶ እግሩ የሚውል ገበሬ ብዙ ነው። ይህን ስንጠየቅ እኛ የተማርን ሰዎች አፋችን ላይ የምትመጣ አንዲት መልስ አለች፦ «የግንዛቤ እጥረት»። በየሪፖርቱ ትጻፋለች፣ በየስብሰባው ትነገራለች፣ ከዚያም ሌላ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ይዘጋጃል። መልሷ ሙሉ በሙሉ ሐሰት ናት አልልም። ነገር ግን ገበሬውን አላዋቂ፣ እኛን አዋቂ አድርጋ ስለምታስቀምጠን ትመቸናለች፤ ስለምትመቸንም ከእሷ አልፈን አንጠይቅም።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በመኪና ተጭኖ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። ራጁ በነፃ ነው፣ ከደጃፍ የራቀ አይደለም፤ ያም ሆኖ ብዙ ሰው አልመጣም። ጎድፍሬይ ሆክባም የተባለ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ባለሙያ ጉዳዩን አጥንቶ በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ያገኘው ይህን ነው፦ በሽታው እኔንም ሊይዘኝ ይችላል ብሎ ያመነና ቀድሞ መታወቁ ይጠቅመኛል ያለ ሰው ይመጣል፤ ስለ ነቀርሳ የቱንም ያህል ቢሰማ ለራሱ ካላመነ አይመጣም። ከዚያ በኋላ ሆክባምና ባልደረቦቹ ሰው በልቡ የሚመዝናቸውን ነገሮች ዘረዘሩ፦ እኔን ይነካኛል ወይ፣ ቢነካኝ ምን ያህል ይጎዳኛል፣ የተባልኩትን ባደርግ እድናለሁ ወይ፣ ማድረጉስ ምን ያስከፍለኛል።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ደንበጫ እንመለስ። «እኔን ይነካኛል ወይ?» ለሚለው አገራችን የቆየ መልስ አላት፦ ዝሆኔ ዘር ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይጠይቃል፣ ዘመድ ያጣራል፤ «ከዚያ ቤት እኮ እግር ያበጠ አለ» ከተባለ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ይህ አስተሳሰብ ሁለት ሰው ይጎዳል። በሽታው ያለበትን ቤተሰብ ልጅ ከትዳር ያርቃል። በሽታው የሌለበትን ቤተሰብ ደግሞ «በእኛ ዘር የለም» እያለ ከጥንቃቄ ያርቃል። ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ያልተናነሰ ከባድ ሆኖ ይታየኛል፤ ምክንያቱም በሙሉ ልብ በባዶ እግሩ የሚሄደው ይህ ሰው ነው።

ለዚህ መልስ ስንሰጥ «ዘር የሚባል ነገር የለም» ብንል እንዋሻለን። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ባሳተሙት ጥናት፣ በሰውነት የመከላከል ሥርዓት ላይ የሚሠሩ አንዳንድ ጂኖች ሰውን ለዚህ በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። ስለዚህ አባቶቻችን በሽታው ከቤት ቤት እንደሚለይ ማስተዋላቸው ትክክል ነበር። የቀረው ግማሹ እውነት ነው፤ አፈሩ ካልነካው ዘሩ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ተጋላጭ ቤተሰብ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቢጫማ እግሩ እንደ ማንም ልጅ እግር ጤነኛ ሆኖ ያረጃል። ይህን አስተካክሎ መናገር ጊዜ ይወስዳል፤ በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ አንድ ወረቀትም አያልቅም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእናትየዋ ጋር ቡና ላይ ተቀምጣ በእርጋታ የምትጨርሰው ወሬ ነው።

ሌላው የበሽታው ዝግታ ነው። እሳት የነካ ልጅ ወዲያው ይማራል። ባዶ እግር ግን ዛሬ አይቀጣም፤ በዚህ ክረምትም፣ በሚመጣውም አይቀጣም። ሲቀጣም መጀመሪያ የሚታየው ማታ ማታ የሚያሳክክ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጎድል ትንሽ እብጠት ነው። ሰውየው ያን ቀን «የረገጥኩት ነገር ይሆናል» ይላል እንጂ ከአሥር ዓመት በፊት ያረሰው ማሳ ትዝ አይለውም። ልቡናችን ቶሎ የሚመጣውን ጉዳት ይፈራል፤ ቀስ ብሎ የሚከማቸውን ግን በቀላሉ አይፈራም። ይህ የገበሬ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ለሲጋራም፣ ለጨውም፣ ለስኳርም በሁላችን ላይ ይሠራል።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ጫማን እዚህ ላይ በገንዘብ ብቻ አትመዝኑት። ሐምሌ ላይ የጤፍ ማሳ ተመልከቱ። መሬቱ ጭቃ ነው። ገበሬው በአንድ እጁ ዕርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ከበሬዎቹ ኋላ ይራመዳል። ኮንጎ ጫማ ካደረገ ጭቃው ይውጠዋል፤ ሲያነሳው እግሩ ይወጣና ጫማው ይቀራል። ካልቀረም በውስጡ ጭቃና ውኃ ይሞላና ተረከዙን ይልጠዋል። ባዶ እግሩ ግን ድንጋዩን፣ ሥሩን፣ የትልሙን ጥልቀት ይነግረዋል። አረም ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ የምትውለው ሚስቱም እንዲሁ ናት። ስለዚህ «ጫማ አድርግ» ስንለው ሥራህን አዝግም፣ ዛሬ መጨረስ የምትችለውን ለነገ አሳድር ማለታችን ነው። ከዚያም ጫማው ቶሎ ያልቃል። ጫማ ደግሞ በገጠር የክብር ዕቃ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበያ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ይቀመጣል። ተማሪውም ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንዳያልቅበት ያወልቀውና ከብት ጥበቃ በባዶ እግሩ ይወጣል። የክብር ዕቃን ጭቃ ውስጥ ማስገባት በብዙ ቤት አባካኝነት ነው።

እስካሁን የሆክባም ሰዎች የዘረዘሯቸው ጥያቄዎች አብረውን መጥተዋል። ከዚህ በኋላ ግን ለእኛ አገር አይበቁም ባይ ነኝ፤ ሰውየው ብቻውን ተቀምጦ የሚመዝን አድርገው ይስሉታልና። የጎጃም ገበሬ ብቻውን አያርስም፤ ወንፈል አለው፣ ደቦ አለው። በወንፈሉ ላይ አሥር ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ አንዱ ተጫምቶ ቢመጣ የሚባለውን ገምቱ፦ «አያ፣ እግርህን ምን ነካህ? ደህና አይደለህም እንዴ?» ጥያቄው የፍቅር ሊሆን ይችላል። ሆኖም በሽታን ለመከላከል ያደረገው ጫማ በሽታውን አስጠረጠረበት። ልጅ የሚድር አባት ይህን ጥርጣሬ አይፈልግም። በማግሥቱ ጫማውን ቤት ትቶ ቢወጣ አላዋቂ ነው እንላለን? ሁለት ጉዳት አመዛዝኖ የቀረበውን ሸሽቷል።

ይህ የጎረቤት ዓይን ከበሽታው በኋላም ይከተላል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ጫማውን አውልቆ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። እግሩ ያበጠ ሰው በሰፊ ሱሪና በጋቢ ሸፍኖ እስከ ቅጥሩ ይመጣል፤ በሩ ላይ ግን ሁሉም ጫማውን ሲያወልቅ እሱም ማውለቅ አለበት። ያች ቅጽበት ከበሽታው ትከብደዋለች። ስለዚህ አንዳንዱ ቅዳሴውን ከዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። ሌላው ቤት ይቀራል። ማኅበር ይቀርበታል፣ ሰንበቴ ይቀርበታል፣ ለቅሶ ሲቀር ደግሞ ይታማል። ጤና ጣቢያ መሄድም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ወረፋ ላይ መታየት በሽታውን በአደባባይ ማወጅ ይሆንበታል።

እዚህ ላይ እኛን የሚመለከት ወቀሳ አለኝ። በየጤና ተቋሙ ስለ ዝሆኔ የሚለጠፈው ሥዕል ብዙውን ጊዜ የመጨረሻ ደረጃ የደረሰውን እግር ያሳያል። ሐሳቡ ሰውን ማስፈራራትና ማስጠንቀቅ ነው። በፍርሃት ላይ የተሠሩ ጥናቶች ግን ደጋግመው የሚሉት አለ፤ ፍርሃት አብሮት «ይህን ማድረግ ትችላለህ፣ ካደረግህም ትድናለህ» የሚል ነገር ካልመጣ ሰው በአደጋው ፈንታ ወሬውን ይሸሻል። ያ ሥዕል ለጤነኛው «ይህ የእኔ አይደለም» ይለዋል፤ ለታማሚው ደግሞ «ያለቀልህ ነህ» ይለዋል። እግሩ ገና ማበጥ ለጀመረው ሰው የሚናገረው ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ልናገኘው የሚገባን ሰው ደግሞ እሱ ነበር፤ በዚያ ደረጃ ከተያዘ እብጠቱ ሊጎድል ይችላልና።

የሚደረገው እንክብካቤ እንኳ አስማት የለበትም። ገበቴ ወይም ሳፋ ይቀርባል፤ ንጹሕ ውኃ ይሞላል፤ ጥቂት በረኪና ጠብ ይደረግበታል። እግር ለጥቂት ደቂቃ ተነክሮ ይቆይና በሳሙና ይታጠባል፤ በየጣቱ መካከል፣ በየእጥፋቱ ውስጥ ሳይቀር። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ እርጥበት በጣቶች መካከል ከቀረ ቁስል ይወልዳል። ቅባት ይቀባል፣ ፋሻ ይጠቀለላል፣ ካልሲና ጫማ ይደረጋል፤ ማታም እግር ከፍ ተደርጎ ይተኛል። በየቀኑ። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱም በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ሄልዝ የወጣ ሙከራ ይህ ቀላል እንክብካቤ በሽታው ትኩሳትና ሕመም ይዞ የሚነሳባቸውን ጊዜያት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ያለ እንክብካቤ ሕመሙ በአማካይ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ይነሳል፤ በተነሳ ቁጥር ሰውየው ለቀናት ይተኛል። በእርሻ ወራት ይህ ማለት ያልታረሰ ማሳ ነው። እዚህም ላይ የሚረሳ ነገር አለ፤ በየቀኑ የሚፈሰውን ውኃ ከምንጭ ተሸክማ የምታመጣው ብዙ ጊዜ ሚስት ወይም ሴት ልጅ ናት። «በየቀኑ ታጠብ» የሚለው ምክር በማን ጀርባ ላይ እንደሚወድቅ ሳናስብ የምንመክር ከሆነ ምክሩ ከሳምንት አያልፍም።

አሁን ወደ ቡሬ ልውሰዳችሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. በቡሬ አካባቢ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የእኛና የውጭ ተመራማሪዎች፣ የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካንን ጨምሮ፣ ምክንያቱን ሲፈልጉ በቆሎ ላይ ደረሱ። የበቆሎ ብናኝ ከአበባው ረግፎ በየቤቱ ዙሪያ ባቆሩ ኩሬዎች ላይ ይወድቃል፤ የወባ ትንኝ እጭ እሱን ተመግቦ ቶሎ ያድጋል፣ ትንኟም ጠንካራ ሆና ትወጣለች። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው አካባቢዎች የወባ ሕመም ጥቂት በቆሎ ካለባቸው 9.5 እጥፍ ከፍ ብሎ መገኘቱን ዘገበ።

በቆሎን ከቤት አጠገብ መዝራት ግን የትኛውም አስተዋይ ገበሬ የሚያደርገው ነው። የጓሮው መሬት ፍግ የጠገበ ነው፤ እሸቱን ከከብትም ከሌባም ለመጠበቅ ይቀርባል፤ ልጆች ሲርባቸው ዘለው የሚቆርጡት ነው። ዘግይቶ የሚደርሰው ቢኤች-660 የተባለው ምርጥ ዘር ከገባ ወዲህ ደግሞ ምርቱ ጨምሯል፤ የግብርና ባለሙያውም አበረታቷል። አንዱ መሥሪያ ቤት «ዝራ» ያለውን ሌላው መሥሪያ ቤት «አደጋ ነው» ቢለው ገበሬው ማንን ይስማ? ይህን ያነሳሁት አደጋ ያለበት ጠባይ ሁሉ ከሰውየው ልብ የሚመነጭ እንዳይመስለን ነው። ኑሮው ራሱ የሚያመጣው አለ፤ በዓይን የማይታይም አለ።

አባቶቻችን የሚታየውን በደንብ ያውቁ ነበር። ደገኛው ቆላ ወርዶ ያርሳል እንጂ ቆላ አያድርም፤ ሲመሽ ወደ ደጋው ይመለሳል። ስለ ትንኝ ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ቆላ ማደር እንደሚገድል ያውቃሉ፤ ያወቁትንም የማኅበረሰብ ሥርዓት አደረጉት። ሥርዓት ስለነበረም ቆላ ያላደረውን ማንም ፈሪ አይለውም። ያ ሥርዓት በሁለት ነገር ፈረሰ። አንደኛው ወባ ራሷ ወደ ላይ መውጣቷ ነው፤ በ1951 ዓ.ም. ወረርሽኙ ደጋውን ሲያጠቃ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደ ሞተ ተገምቷል። ሁለተኛው የመሬት ጥበት ነው፤ ዛሬ በብርና በፈጠም ሸለቆዎች የሚያድረው ሰው ሌላ ማደሪያ የለውም። አጎበር ተሰጥቶታል፤ በቤቱ ይተኛበት ይሆናል። እሸት ሲደርስ ግን ማማ ላይ ነው የሚያድረው፤ ከዝንጀሮና ከአሳማ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ማማ ላይ አጎበር ለመስቀል ማን አስቦለት ያውቃል? የአጎበር ስርጭታችን ሰው ሁሉ አልጋው ላይ የሚያድር አድርጎ ይቆጥራል።

ከማማው ይልቅ ደግሞ የሚከፋ ማደሪያ አለ። ነሐሴና መስከረም ላይ ከቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪት የሚነሳው ወጣት ወደ መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። የሚሄደው ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለበሬ መግዣ፣ ለጋብቻ ነው። እዚያ በሜዳ፣ በጥቁሩ መረሬ መሬት ላይ፣ በግራር ሥር ያድራል። በዚያ የወባ ትንኝ አለች፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ከእሷ የምታንስ ነፍሳትም አለች፤ ካላዛርን የምታመጣው እሷ ናት። ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፤ ሲጀምር ደግሞ ትኩሳት ስለሆነ ወባ ይመስላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የተነሳው የካላዛር ወረርሽኝ መጀመሪያ ላይ ወባ ተብሎ ብዙ ሕይወት አጥፍቷል፤ በሽታውንም ከዚያ በረሃ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት መጥተው ይሆናል ተብሎ ይታመናል።

ይህ ወጣት አደጋውን አያውቅም? ያውቃል። በየመንደሩ በረሃ ወርዶ ሳይመለስ የቀረ፣ ወይም ሆዱ አብጦ የተመለሰ አለ። ግን ጓደኞቹ ተነስተዋል። ከእነሱ ጋር ያልወረደ የእናቱ ልጅ ይባላል። አጎበር ጠቅልሎ መያዝም፣ ልብስ እስከ እጅ መዳፍ ሸፍኖ መተኛትም በዚያ ቡድን መካከል የፍርሃት ምልክት ሊሆን ይችላል። ወጣት ከበሽታ ይልቅ ፈሪ መባልን ይፈራል፤ ይህን የማያምን ሰው የራሱን 18 ዓመት ይጠይቅ። ስለዚህ ለእሱ የሚነገረው ቃል ከጤና ጣቢያ ቢመጣ ብዙ አይሠራም። ከመናኸሪያው፣ አብሮት ከሚወርደው ታላቁ፣ ሥራ ከሚያከፋፍለው ካቦ ቢመጣ ይሠራል። ካቦው የራሱን አጎበር ሲሰቅል በታየበት ካምፕ ሌላው ለመስቀል አያፍርም።

ይኸው የእፍረት ነገር በመጠጥ ላይም አለና ስለ አረቄም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በዝክርና በማኅበር ቤት የቀረበን አለመቀበል ባለቤቱን መናቅ ነው። «ጠጣ» የሚለው አጥብቆ የሚለምነው በፍቅር ነው፤ እምቢ የሚለውም ፍቅርን የገፋ ይመስላል። «አትጠጡ» ብሎ ከማስተማር ይልቅ፣ እንግዳ ያለ እፍረት ጠላውን ወይም አረቄውን ትቶ ቅራሪ ወይም ውኃ የሚጠይቅበትን ወግ ቄሱና የማኅበሩ ሙሴ ቢጀምሩት ይቀላል።

ሰው በጤና ምክንያት ብቻ ጠባዩን እንደማይለውጥ የሚያሳይ ጥሩ ታሪክ ከጎረቤታችን አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሞጣ ዙሪያ ባለው ሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ትራኮማን ለመከላከል መጸዳጃ ቤት የማስቆፈር ዘመቻ ነበረ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ መጸዳጃ ቤት ተቆፈረ፤ ከታሰበው እጅግ የበዛ ነበር። ዘመቻውን ያንቀሳቀሱት ሴቶች ናቸው። የዝንብና የዓይን በሽታ ግንኙነት ገብቷቸው ይሆናል፤ ግን የበለጠ ያስነሳቸው ሌላ ነው። በቀን ሜዳ መውጣት ለሴት ነውር ስለሆነ እስኪመሽ ሆዳቸውን ይዘው ይቆዩ ነበር። ባለ አጥር መጸዳጃ ቤት ይህን ስቃይና ይህን እፍረት አስቀረላቸው። ባሎቻቸውን ያስቆፈሩት ለክብራቸው ነው፤ የዓይን ጤናው አብሮ መጣ። ከደንበጫው ገበሬ ጋር አስተያዩት። እዚያ የጎረቤት ዓይን ጫማ አስወለቀ፤ እዚህ የጎረቤት ዓይን ጉድጓድ አስቆፈረ። ያው ዓይን ነው፤ ልዩነቱ ክብር በየትኛው ወገን መቀመጡ ነው።

እኛ ማድረግ የምንችለው እዚህ ላይ ይታየኛል። አንድን ገበሬ ለብቻው «ተጫማ» ከማለት ወንፈሉን በሙሉ ማነጋገር ይሻላል፤ አሥሩም በአንድ ቀን ተጫምተው ከወጡ ማንም ማንን አይጠረጥርም። ለጭቃ የሚሆን፣ ተረከዝ ይዞ የሚቀር ጫማ ያስፈልጋል፤ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሚሠሩ ሰዎች በየከተማችን አሉ፤ እግሩ ላበጠም በልኩ መሥራት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ቀሳውስት አባቶቻችን ደግሞ ማንም የማይችለውን ይችላሉ። በጸሎተ ሐሙስ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። በዚያ ቀን እግሩ ያበጠውን ሰው ከዛፉ ሥር ጠርተው፣ በሁሉ ፊት፣ እንደ ማንም እግር ቢያጥቡት ያ ሰበካ ከዚያ በኋላ ስለ ዝሆኔ የሚያወራው ወሬ ይለወጣል። ብዙ ስብከት ከሚያመጣው የበለጠ ለውጥ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብወርድ በደለኛ እሆናለሁ። ስለ ሰው ጠባይ ይህን ሁሉ ስናወራ ጠባይ የማይፈታው ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ መንገድ ተዘግቷል፣ መድኃኒት ዘግይቷል፣ ሐኪም ቤት መድረስ ራሱ የሕይወት አደጋ የሆነበት ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ጤና ኬላው ዝግ ሆኖ፣ አጎበር ሳይደርሰው የታመመውን ሰው «ለምን አልተጠነቀቅህም?» ማለት ግፍ ነው። የጠባይ ጥናት የታማሚ መውቀሻ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ እናንተን የምጠይቃችሁ በሚቀጥለው የቤት ለቤት ጉብኝት ላይ መመሪያውን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድታስቀድሙ ነው፦ «ነገ ተጫምተህ ማሳ ብትወጣ ምን ይቸግርሃል? ማንስ ምን ይልሃል?» የሚመልስላችሁን እንዳለ ጻፉት፤ በሪፖርት ቋንቋ አታሳምሩት። የእድር ዳኞች ደግሞ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ጥቂት ብትቆዩ ደስ ይለኛል። በየእድራችሁ እግራቸው ታሞ ለቅሶ መውጣት የተዉ አባላት ስንት እንደሆኑ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ በየቤታቸው ሳሙና፣ በረኪናና ፋሻ ለማድረስ ከእድሩ ሣጥን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ዛሬውኑ አብረን ማስላት እንችላለን። ሰኔ ሳይገባ፣ ወንፈሉ ሳይወጣ ቢጀመር ለዚህ ክረምት ይደርሳል።